የመንደሩን ሰው ያልረሱ የጠፈር ሊቅ፤ የዶክተር ቪክራም ሳራብሃይ የሕይወት ታሪክ

በታሪክ ስማቸው ሲነሣ የሚኖር ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቹ የተመሰገኑት ከእነርሱ በፊት ማንም ያላወቀውን ምስጢር መርምረው በማግኘታቸው ነው። ሌሎቹ ደግሞ የተመሰገኑት በሌላ አገር የተገኘውን ጥበብ ወስደው ለወገናቸው በሚጠቅም ሥራ ላይ በማዋላቸው ነው። የሕንዱ ሊቅ ዶክተር ቪክራም ሳራብሃይ ከሁለተኛው ወገን የሚቈጠሩ ናቸው። ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወይም ሳተላይት የታላላቅ መንግሥታት መፎካከሪያ በነበረበት ዘመን፣ ይህ መሣሪያ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው መንገድና መብራት ላልደረሰው ገበሬ ነው ብለው ተነሡ። ሐሳባቸው በመጀመሪያ ለብዙ ሰው የሕልም ያህል ነበረ። ዛሬ ግን በሥራ የተረጋገጠ ታሪክ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ የእኒህን ሰው ሕይወት ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው የዘመን ቊጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

ቪክራም ሳራብሃይ ኦገስት 12 ቀን 1919 በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ምድር፣ አሕመዳባድ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አምባላል ሳራብሃይ የታወቁ ባለጸጋና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ፤ እናታቸው ሳርላ ይባላሉ። ስምንት ልጆች ነበሯቸው። ወላጆቻቸው በዘመኑ የነበረው የትምህርት ዘዴ አላረካቸውምና በቅጥራቸው ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ መምህራን ቀጥረው ልጆቻቸውን በዚያ ያስተምሩ ነበር። በዚህ ቤት ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎርና ሌሎችም ታላላቅ እንግዶች ያርፉበት ስለ ነበረ ሕፃኑ ቪክራም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሊቃውንትን ጨዋታ እየሰሙ አደጉ።

ይህ ቤት በሀብት ብቻ የታወቀ አልነበረም። ማህተማ ጋንዲ መኖሪያቸውን በአሕመዳባድ አድርገው ስለ ነበረ የአገር ነጻነት ነገር በየቀኑ ይነሣበት ነበር። በ1918 የአሕመዳባድ የፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዛችን ይጨመር ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከጋንዲ ጋራ ሆነው ለሠራተኞቹ የቆሙት የአምባላል የገዛ እኅት አናሱያ ነበሩ። ወንድም በባለፋብሪካዎች ወገን፣ እኅት በሠራተኞች ወገን ቆመው ተከራከሩ። የቪክራም ታላቅ እኅት ምሪዱላም ለነጻነት ሲታገሉ በእንግሊዞች ታስረዋል። እንግዲህ ልጁ ያደጉት ባለጸጋ ለድኻ ወገኑ ግዴታ እንዳለበት ዕለት ዕለት በሚታይበት ቤት ውስጥ ነው። ኋላ የሠሩትን ሥራ ለመረዳት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ወጣቱ ቪክራም በአገራቸው ኮሌጅ ጥቂት ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ገቡ። በ1940ም የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በዚህን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ስለ ነበረ ምርምራቸውን በዚያ ለመቀጠል አልቻሉም። ወደ አገራቸው ተመልሰው በባንጋሎር የሳይንስ ተቋም በኖቤል ተሸላሚው በሰር ቻንድራሴክሃራ ራማን ሥር ሆነው ስለ ኮስሚክ ጨረር መመራመር ጀመሩ። ኮስሚክ ጨረር ማለት ከሕዋ ርቀት ወደ ምድራችን ሳያቋርጥ የሚወርድ፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። ይህን ለመለካት መሣሪያቸውን ይዘው እስከ ካሽሚር ተራሮች ድረስ ወጥተዋል። በ1942 ምሪናሊኒ የተባሉትን ዕውቅ የባህል ውዝዋዜ ባለሙያ አገቡ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ተመልሰው በ1947 የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ በፊታቸው ሁለት መንገድ ነበረ። በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የተሟላ ላቦራቶሪ፣ ዝግጁ መጽሐፍ ቤትና የታወቁ ባልደረቦች ነበሩ። በሕንድ ግን ለሚመራመሩበት ነገር የሚሆን ቤት እንኳ አልነበረም። ሕንድ ነጻነቷን ያገኘችው ኦገስት 15 ቀን 1947 ነው። ዶክተር ሳራብሃይም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የፊዚክስ ምርምር ላቦራቶሪን በአሕመዳባድ አቋቋሙ። ዕድሜያቸው ገና 28 ዓመት ነበረ። ላቦራቶሪው ሥራውን የጀመረው በአንድ ኮሌጅ ውስጥ በተገኙ ጥቂት ክፍሎች ነው። አስተዳዳሪ ሆነው የተሾሙት እርሳቸው አልነበሩም፤ በዕድሜና በዕውቀት የሚበልጧቸው የአየር ጠባይ ሊቅ ራማናታን የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ወጣቱ መሥራች ከሽማግሌው ሊቅ ሥር ሆነው መሥራታቸው ለሹመት ያልቸኰሉ ሰው እንደ ነበሩ ያሳያል።

በዚያው ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በጋራ የሚረዱበት የምርምር ማኅበር በከተማቸው እንዲቋቋም አደረጉ። በ1961ም የሕንድ የሥራ አመራር ተቋም በአሕመዳባድ ሲከፈት ከዋናዎቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ተማሪዎች ሳይንስን በእጃቸው እየነኩ የሚማሩበትን የሕዝብ የሳይንስ ማዕከልም በ1960ዎቹ ውስጥ አቋቁመዋል። ይህ ሁሉ ሲታይ አንድ ልማድ እንደ ነበራቸው እንገነዘባለን። አንድ ሥራ ሲያስቡ አስቀድመው ሰው ይፈልጋሉ፤ ሰዎቹንም በአንድ ተቋም ያሰባስባሉ፤ ተቋሙ በእግሩ ሲቆም ለሌላ አስረክበው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

በኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ጠፈር አወጣች። ዓለም ሁሉ ተደነቀ፤ አሜሪካም ተከተለች። ያን ጊዜ ስለ ጠፈር የሚነገረው ወሬ ሁሉ የሁለቱ ኀያላን ውድድር ነበረ። ዶክተር ሳራብሃይ ግን ሌላ ነገር አዩበት። ሕንድም በዚህ ጥበብ ድርሻ ይኑራት ብለው ለመንግሥታቸው አመለከቱ። የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር ሆሚ ባባ ሐሳቡን ደገፉላቸው፤ በ1962ም የሕንድ ብሔራዊ የጠፈር ምርምር ኮሚቴ ተቋቁሞ ዶክተር ሳራብሃይ ሊቀ መንበር ሆኑ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሮኬት የሚተኰስበት ቦታ መምረጥ ነበረ። የምድር መግነጢስ ወገብ በደቡብ ሕንድ በኬራላ አውራጃ በኩል ያልፋል፤ በዚያ መስመር ላይ ያለውን የላይኛውን አየር ለመመርመር ብዙ ሊቃውንት ይፈልጉ ነበር። ለዚህ የተመቸው ቦታ በትሪቫንድረም ከተማ አጠገብ ያለችው ቱምባ የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ሆነች። ነገር ግን በመሬቱ መካከል የቅድስት ማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያውም የአጥማጆቹ ቤቶች ነበሩ። ዶክተር ሳራብሃይ በኀይል ለመውሰድ አልሞከሩም። ወደ አካባቢው ጳጳስ ወደ ፒተር በርናርድ ፔሬራ ሄደው ጉዳዩን አስረዱ። በዚያ ይሠሩ የነበሩት አብዱል ካላም ኋላ እንደ ተረኩት፣ ጳጳሱ በእሑድ ጸሎት ላይ ጉዳዩን ለምእመናኑ አቅርበው ፈቃዳቸውን ጠየቁ፤ ሕዝቡም ተስማማ። ለመንደሩ ነዋሪዎች በሌላ ስፍራ መኖሪያና አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራላቸው። ለአንድ መንደር የጸሎት ቤቱን መልቀቅ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል።

አሮጌው ቤተ ክርስቲያን የመሐንዲሶቹ ቢሮና ሮኬት መገጣጠሚያ ሆነ፤ የጳጳሱ ቤትም ለሥራ ዋለ። መሐንዲሶቹ በአሜሪካ አገር ሠልጥነው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። መኪና ስላልበቃቸው የሮኬቱን ክፍሎች በቢስክሌት ላይ ጭነው እየገፉ ያጓጉዙ ነበር። ይህንንም የሚያሳይ ፎቶግራፍ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 1963 ማታ ከአሜሪካ የተገኘ ናይክ አፓቼ የተባለ ሮኬት ከቱምባ ተተኰሰ። በውስጡ የነበረው የፈረንሳይ መሣሪያ የሶዲየም እንፋሎት ስለ ለቀቀ በሰማዩ ላይ ብርቱካን የመሰለ ደመና ታየ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በ1967 ሕንዶች ራሳቸው የሠሩት ሮሂኒ የተባለ ትንሽ ሮኬት ከዚያው ቦታ ተነሣ። ከላይ የጠቀስናቸው አብዱል ካላም በዚያ ቤተ ክርስቲያን ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ሲሆኑ፣ ከ2002 እስከ 2007 የሕንድ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ነገር ግን ተቃውሞ አልቀረም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በሕንድ ዝናም ጠፍቶ በተለይ በቢሃር አገር ብርቱ ረኃብ ገባ፤ እህል ከውጭ አገር በመርከብ ይመጣ ነበር። ሕዝብ በተራበበት አገር ገንዘብን ወደ ሰማይ መተኰስ ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነበረ። ጥያቄውም ቀላል አይደለም። ዶክተር ሳራብሃይ ይህን አልናቁትም። ሕንድ ጨረቃ ላይ ለመውጣት ከሀብታሞች ጋራ እንድትወዳደር እንደማይፈልጉ በግልጽ አስታወቁ። የእርሳቸው ክርክር እንዲህ ነበረ፤ ድኻ አገር ሀብታሞቹ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ የሄዱበትን መንገድ እያንዳንዱን እርምጃ ተከትላ ብትሄድ ሁልጊዜ ኋለኛ ትሆናለች። ለችግሯ የሚሆነውን አዲስ መሣሪያ መርጣ ብትይዝ ግን ብዙውን መንገድ ልታሳጥር ትችላለች። ለገበሬው ስለ ዝናም አስቀድሞ መንገር፣ ስለ ዘርና ስለ ተባይ ማስተማር፣ ለእናቶች ስለ ሕፃናት ጤና ማስረዳት ከረኃብ ጋራ የሚደረግ ትግል ነው። ስለዚህ ሳተላይት የድሎት ዕቃ ሳይሆን የልማት መሣሪያ ነው ብለው ያስረዱ ነበር።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ስለ ሳተላይቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የቴሌቪዥን ሞገድ የሚሄደው በቀጥታ መስመር ነው። ተራራ ከጋረደው ወይም የምድር ክብነት ከከለለው ከዚያ ወዲያ አይደርስም። በወለል ላይ የተቀመጠ ፋኖስ የሚያበራው በአጠገቡ ያለውን ብቻ ነው፤ ከሣጥኑና ከአልጋው በስተኋላ ጥላ ይሆናል። ያንኑ ፋኖስ በጣራው ላይ ብንሰቅለው ግን ቤቱን በሙሉ ያበራል። ሳተላይትም እንዲሁ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሳተላይት ምድርን የሚዞረው ምድር ራሷ በምትዞርበት ጊዜ ልክ ስለ ሆነ፣ ከታች ለሚያየው በአንድ ቦታ እንደ ተሰቀለ ይቈጠራል። ከምድር የተላከለትን ሞገድ ተቀብሎ የዓለምን ሢሶ ለሚያህል ስፍራ መልሶ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ሐሳብ እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ክላርክ በ1945 በጽሑፍ ገልጦት ነበር።

ሕንድ በዚያን ጊዜ ከ500,000 በላይ መንደሮች ነበሯት። በ1959 የተጀመረው ቴሌቪዥን ግን እስከ 1972 ድረስ የሚታየው በዋና ከተማው በደልሂና በአካባቢው ብቻ ነበረ። በየከተማው የማሰራጫ ጣቢያ እየሠሩ መሄድ ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ መንደሮቹም በመጨረሻ ተራ ይቀራሉ። ዶክተር ሳራብሃይና ባልደረቦቻቸው ወጪውን ቈጥረው፣ ሳተላይትን ከምድር ጣቢያዎች ጋራ አጣምሮ መሥራት በምድር ጣቢያዎች ብቻ ከመሥራት ያነሰ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አሳዩ። ከገንዘቡም በላይ የሚያስደስታቸው ሌላ ነገር ነበረ። ሳተላይት ለከተማና ለገጠር አያደላም፤ ሞገዱ በአንድ ሰዓት ለሁሉም ይወርዳል።

ሐሳባቸውን በወረቀት ላይ ብቻ አልተዉትም። በ1967 በደልሂ ዙሪያ ባሉ 80 መንደሮች ሕዝብ በጋራ የሚያየው ቴሌቪዥን ተተክሎ ለገበሬዎች የእርሻ ትምህርት ይሰጥ ጀመር። በዚያው ዓመት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እርዳታ በአሕመዳባድ የመጀመሪያው የሕንድ የሳተላይት የምድር ጣቢያ ተሠራ። ይህ ጣቢያ የመሐንዲሶች ማሠልጠኛም ነበረ፤ ከሌሎች በማደግ ላይ ካሉ አገሮች የመጡም ሠልጥነውበታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕንድ በሳተላይት የሚሠራ የውጭ አገር ስልክ መቀበያ ጣቢያ በፑና ከተማ አቅራቢያ በአርቪ ለመሥራት ባሰበች ጊዜ፣ ዶክተር ሳራብሃይ ሥራው ለውጭ አገር ኩባንያ ተጠቅልሎ ከመሰጠቱ ይልቅ የአገራቸው መሐንዲሶች ይሥሩት ብለው ተከራከሩ። በአሕመዳባድ የሠለጠኑት ልጆችም 30 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን አንቴና ተክለው ጣቢያውን በ1971 ለሥራ አበቁት።

በጃንዋሪ 1966 ዶክተር ሆሚ ባባ የተሳፈሩበት አውሮፕላን በሞን ብላን ተራራ ላይ ወድቆ ሕይወታቸው አለፈ። የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሊቀ መንበርነት በዚያው ዓመት ለዶክተር ሳራብሃይ ተሰጠ። ከዚህ በኋላ ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ተሸከሙ። የአቶሚክ ኃይል ለሰላም ሥራ እንዲውል እንጂ ለቦምብ እንዲሆን አይወዱም ነበርና በዚህ ምክንያት ከተቃዋሚዎች ጋራ ብዙ ተከራክረዋል። በ1968 በቪየና በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ጉባኤ ላይ የሳይንሱን ክፍል መርተዋል። ኦገስት 15 ቀን 1969 የሕንድ የጠፈር ምርምር ድርጅት ማለት ኢስሮ ተቋቋመ፤ መሪውም እርሳቸው ሆኑ።

በሴፕቴምበር 1969 ዶክተር ሳራብሃይ የሕይወታቸውን ታላቅ ስምምነት ከአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ከናሳ ጋራ ተፈራረሙ። በስምምነቱ መሠረት አሜሪካ አንዱን ሳተላይቷን ለአንድ ዓመት ለሕንድ ታውሳለች። ሕንድ ግን በምድር ላይ ያለውን ሁሉ፣ ማለት የማሰራጫውን ጣቢያ፣ የመንደሩን መቀበያና የሚታየውን ፕሮግራም ራሷ ትሠራለች። ይህ አከፋፈል በዘፈቀደ የተደረገ አልነበረም። ሳተላይቱ ተውሶ የሚመለስ ነው፤ በምድር ላይ የተሠራው መሣሪያና በሰው አእምሮ ውስጥ የገባው ዕውቀት ግን አይመለስም።

እኒህ ሰው ይህን ሥራ ሲያስጀምሩ ፍጻሜውን ለማየት አልታደሉም። ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ፣ ሌሊት ጭምር እየሠሩ፣ ዕረፍት የማያውቁ ሰው ነበሩ። በዲሴምበር 1971 መጨረሻ የቱምባን ሥራ ለመመልከት ወደ ኬራላ ሄደው ነበር። ዲሴምበር 30 ቀን ጧት በኮቫላም የባሕር ዳርቻ ባረፉበት ቤት በአልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ዕድሜያቸው 52 ዓመት ነበረ። አስከሬናቸው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተወስዶ በአገሩ ሥርዓት የመጨረሻ ስንብት ተደረገለት።

ብዙ ጊዜ መሪ ሲሞት ሥራው አብሮት ይቀበራል። እዚህ ላይ ግን እንዲያ አልሆነም። ኢስሮን ሳቲሽ ዳዋን የተባሉት ሊቅ ተረከቡ፤ በአሕመዳባድ ያለውን የሳተላይት አገልግሎት ማዕከል ደግሞ ያሽ ፓል መሩት። ሜይ 30 ቀን 1974 ኤ ቲ ኤስ 6 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ወደ ጠፈር ወጣ፤ በ1975ም ከምድር ወገብ በላይ በ35 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ማለት ከጎረቤታችን ከኬንያ ምድር በላይ ተቀመጠ። በእኛው ምሥራቅ አፍሪቃ ሰማይ ላይ ቆሞ ነበር የሕንድን መንደሮች ያስተማረው። ከኦገስት 1 ቀን 1975 እስከ ጁላይ 31 ቀን 1976 ድረስ በስድስት ክፍላተ ሀገር ውስጥ የሚገኙ ወደ 2,400 የሚጠጉ መንደሮች በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ትምህርት ተቀበሉ። ጧት ለተማሪዎች፣ ማታ ለዐዋቂዎች ነበር፤ የተነገረውም በሂንዲ፣ በካናዳ፣ በኦሪያና በቴሉጉ ቋንቋዎች ነው።

የመቀበያው አሠራር ራሱ ትምህርት ይሆናል። ባለ 3 ሜትሩ አንቴና የዶሮ ቤት በሚታጠርበት ዓይነት የሽቦ መረብ የተሠራ ስለ ነበረ ዋጋው ርካሽ ሆነ፤ ቢሰበርም ለመጠገን ቀላል ነበረ። መብራት ባልደረሰበት መንደር ቴሌቪዥኑ በባትሪ ይሠራ ነበር። ማታ ማታ ሕዝቡ በትምህርት ቤት ደጅ ወይም በመንደሩ አደባባይ ተሰብስቦ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ አያያዝ ያይ ነበር። በአንዳንድ መንደሮች ደግሞ አጥኚዎች ከሕዝቡ ጋራ እየኖሩ፣ የታየው ነገር ገብቶት እንደ ሆነ ወይም አሰልችቶት እንደ ሆነ ይመረምሩ ነበር። ስለ ሳተላይቱ አስቀድሞ የጻፉት አርተር ክላርክም በሚኖሩበት በስሪ ላንካ በቤታቸው አንድ መቀበያ ተተክሎላቸው ነበር።

ዓመቱ ሲፈጸም ሳተላይቱ ወደ አሜሪካ በኩል ተመለሰ። የለመዱትን ነገር ያጡ መንደሮች ብዙዎች ነበሩ፤ የተውሶ ዕቃ ጠባዩ ይህ ነው። ነገር ግን ሕንዶች ከዚህ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር ይዘው ቀሩ። አንደኛው፣ ሥራው እንደሚቻል በዓይናቸው አዩ። ሁለተኛው፣ የሚሠሩትን ሰዎች አፈሩ። ከዚህም የተነሣ በ1981 አፕል የተባለውን የመጀመሪያ የመገናኛ ሳተላይታቸውን ሠርተው በአውሮፓ ሮኬት አስወጡት። ይህ ሳተላይት ለፍተሻ ወደ ሜዳ በተወሰደ ጊዜ የብረት መኪና መለኪያውን እንዳያውክ ተብሎ በበሬ በሚሳብ የእንጨት ጋሪ ላይ ተጭኖ ነበር። በሬና ሳተላይት በአንድ ላይ የታዩበት ያ ሥዕል ዶክተር ሳራብሃይ ሲያስተምሩት የነበረውን ሐሳብ ከብዙ ቃል ይልቅ ይገልጠዋል። በ1983 ደግሞ ኢንሳት 1 ቢ የተባለው ሳተላይት ወጥቶ ስልክን፣ ቴሌቪዥንንና የአየር ጠባይ ምርመራን በአንድነት ያገለግል ጀመር።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርትን በሳተላይት ይቀበሉ ጀመር፤ ታላላቆቻችን ፕላዝማ እያሉ የሚያስታውሱት ይኸው ነው። ቤተ መጻሕፍት የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ከከተማው እኩል አንድ ዓይነት ትምህርት ማየቱ ታላቅ ነገር ነበረ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ለመላው አገር በአንድ ሰዓት የሚሰራጭ በመሆኑ ተማሪው ባይገባው አቁሞ መልሶ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ የመምህሩ ድርሻ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። ዶክተር ሳራብሃይ አስቀድመው በ80 መንደሮች መሞከራቸው፣ ተከታዮቻቸውም አጥኚዎችን በመንደር ማኖራቸው ለምን እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። መሣሪያው ድምፅን ያደርሳል፤ መስማማቱን ማወቅ ግን የሰው ሥራ ነው።

አገራቸው ዶክተር ሳራብሃይን አልረሳቻቸውም። በሕይወት ሳሉ በ1966 ፓድማ ቡሻን የተባለውን ኒሻን ሸልማቸው ነበር፤ ከሞቱ በኋላም በ1972 ከዚያ የሚበልጠውን ፓድማ ቪቡሻንን ሰጠቻቸው። በቱምባ ያለው የጠፈር ማዕከልና በአርቪ ያለው የምድር ጣቢያ በስማቸው ተጠሩ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የጠፈር ቤተ መዘክር ሆኖ ይጎበኛል። በጨረቃ ላይ ያለ አንድ ጐድጓዳ ስፍራም ሳራብሃይ ተብሏል። በ2019 ሕንድ ወደ ጨረቃ የላከችው ቪክራም የተባለ ማረፊያ ወድቆ ተሰበረ፤ በዚያው ስም የተጠራው ሁለተኛው ግን ኦገስት 23 ቀን 2023 በጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አቅራቢያ በደኅና አረፈ።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ብዙ ነው። መጀመሪያ፣ ዕውቀት የቀሰመ ሰው ዝግጁ ቤት ባያገኝ በጥቂት ክፍሎች ውስጥ ሊጀምር እንደሚችል እናያለን። ቀጥሎም፣ ከመሣሪያ በፊት ሰውን ማሠልጠን እንደሚገባ እንማራለን፤ መሪው በ52 ዓመታቸው ሲያልፉ ሥራቸው ያልቆመው ከኋላቸው የሠለጠኑ ብዙ ወጣቶች ስለ ነበሩ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ጥያቄ ትተውልናል። በዓለም ላይ አዲስ ጥበብ በተሰማ ጊዜ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ዋጋው ስንት ነው፣ የማንስ ሥራ ነው ብለን ነው። እርሳቸው ግን ይህ ነገር መብራት ለሌለው መንደር ምን ይሠራለታል ብለው ይጠይቁ ነበር። ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ መምህር ወይም አስተዳዳሪ የሚሆን ሁሉ ይህን ጥያቄ ከደብተሩ ጋራ ይዞ ከዚህ ትምህርት ቤት ቢወጣ፣ ወላጆቻችን ለእኛ የደከሙት ድካም በከንቱ አይቀርም።